አምስት ሳንቲም ወደ ባሕር



የመጣሁት ስለ ባሕር ዳር መዝናኛ ሰፈር ላወራችሁ ነው። ርዕሱን ሰምታችሁ ፈገግ ያላችሁ አላችሁ፤ አልፈርድባችሁም። ከዚህ ከሁርሶ ተነስቶ ባሕር ማየት የፈለገ ሰው ድሬዳዋን አልፎ፣ ሽንሌን፣ አዲጋላን፣ አይሻን፣ ደወሌን አቋርጦ ጅቡቲ መግባት አለበት። እኛ ዘንድ ያለው ጠራራ ፀሐይ፣ አሸዋና ሐዲድ ነው። ይሁንና በዓለም ስሙ የገነነውን የባሕር ዳር መዝናኛ ሰፈር የሠሩትም ከሦስቱ ሁለቱ፣ አሸዋውና ሐዲዱ ናቸው። ከሁለቱ ደግሞ እኔ ሐዲዱን አስበልጣለሁ።

ሰፈሩ ኮኒ አይላንድ ይባላል። ያለው ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ፣ በብሩክሊን ደቡብ ጫፍ፣ አትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር ነው። ድሮ ደሴት ነበር፤ በኋላ የለየው ሰርጥ በከፊል ተደፍኖ ከየብስ ጋር ተያያዘ። የፈረንጁን ነገር በፈረንጅ ዘመን፣ የእኛን በእኛ ዘመን እጠራለሁ፤ የእኛ ሲሆን «ዓ.ም.» ስለምጨምርበት አትደናገሩም።

እዚያ ዳርቻ የመጀመሪያው ሆቴል የተከፈተው በ1829 ነው። ያኔ የሚመጣው ጋሪና ፈረስ ያለው ሰው ብቻ ነበር። ድሃው ባሕሩ በእግር ሊደረስ በማይችል ርቀት ላይ እንዳለ ያውቅ ነበር፣ በቃ። ከ1860ዎቹ ጀምሮ የባቡር ኩባንያዎች አንድ በአንድ ሐዲድ እየዘረጉ ደረሱ። የባቡር ባለሀብቱ ኦስቲን ኮርቢን በ1877 በምሥራቁ በኩል «ማንሃታን ቢች» የሚባል ግዙፍ ሆቴል ከፈተ፤ በ1879 ደግሞ አይሁዶች ወደ ሆቴሌ እንዳይመጡብኝ ብሎ በጋዜጣ በግልጽ ተናገረ። በምዕራቡ በኩል ቁማርተኛው፣ ሰካራሙና ኪስ አውላቂው ሰፈረ። ይህን ሁሉ ጆን ማኬን የሚባል የአካባቢው ሹም ከየነገሩ ድርሻውን እየተቀበለ ሲያስተዳድር ኖረ፤ በ1894 በምርጫ ማጭበርበር ተፈርዶበት ወህኒ ወረደ። በአንድ ዳርቻ ላይ እንግዲህ ሁለት ዓለም ነበር፤ አንዱ በአጥር የተዘጋ፣ ሌላው ወደ ውስጥ ከገቡ ኪስ የማይተርፍበት።

አሁን ወደ ሐዲዱ ልውሰዳችሁ፤ የሁርሶ ሰው የሚወደው ክፍል ይኸኛው ይመስለኛል።

ፔንሲልቬንያ በሚባለው ግዛት ማውክ ቸንክ የምትባል የተራራ ከተማ ነበረች። ከ1827 ጀምሮ ከተራራው የሚወጣው የድንጋይ ከሰል በፉርጎ ተጭኖ፣ ያለ ምንም ሞተር፣ በራሱ ክብደት ቁልቁል እየተንደረደረ ይወርድ ነበር። ባዶውን ፉርጎ ወደ ላይ ጎትተው የሚመልሱት በቅሎዎች ናቸው። በቅሎዎቹም ለሚቀጥለው ጉተታ እንዲደርሱ ከከሰሉ ጋር በፉርጎ ተሳፍረው ቁልቁል ይወርዳሉ። ሰዎች ይህን አይተው «እኛስ?» አሉ። ከሰሉ ሲራገፍ እነሱም ገንዘብ ከፍለው መንሸራተት ጀመሩ። በ1872 ለከሰሉ ሌላ መስመር ሲከፈት አሮጌው ሐዲድ ሥራ ፈታ፤ ግን አልተነቀለም። ሙሉ በሙሉ የመዝናኛ ባቡር ሆኖ እስከ 1933 ድረስ ስልሳ ዓመት ያህል ሠራ። ይቺን ነገር ልብ በሉልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ላማርከስ ቶምፕሰን የተባለ ሰው በ1884 የዚህን ዓይነት ሐዲድ በእንጨት ኮኒ አይላንድ ላይ ሠራ። ሰው ማማ ላይ ይወጣል፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ሐዲዱ ከፍ ዝቅ እያለ ቁልቁል ይወስደዋል። ፍጥነቱ በሰዓት አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ የእኛ ሰው በቅሎውን ኮርኩሮ ይቀድመዋል። ግን ዋጋው አምስት ሳንቲም ነበር፣ ሰልፉም መጨረሻ አልነበረውም። ቶምፕሰን ወጪውን በጥቂት ሳምንታት መለሰ። ዛሬ ሮለር ኮስተር የምንለው ነገር በአሜሪካ እንዲህ ተጀመረ። የከሰል ሐዲድ መጫወቻ ሆነ፤ ለሸቀጥ የተዘረጋ ብረት ሰውን ለማስደሰትም እንደሚሆን ታየ።

ከ1895 ወዲህ ያለው አሥር ዓመት በጣም ይፈጥናል። በ1895 ፖል ቦይተን የባሕር አንበሳ እያሳየ፣ አጥር አጥሮ፣ በር ላይ ቲኬት ሸጦ የሚያስገባ መናፈሻ ከፈተ፤ በአንድ ቲኬት ወደ መጫወቻ ግቢ መግባት የተለመደው ከዚያ ወዲህ ነው። በ1897 ጆርጅ ቲልዩ «ስቲፕልቼዝ ፓርክ»ን ከፈተ፤ የእንጨት ፈረሶች በሐዲድ ላይ የሚሽቀዳደሙበት ነው። ያ ዓመት ለእኛም ዓመታችን ነው፤ ጅቡቲ ላይ የእኛ ባቡር ሥራ የተጀመረው በዚያው በ1897 ነው። ባቡሩ አሁን ድሬዳዋ የምንላት ሜዳ ላይ የደረሰው በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ነበር፤ በፈረንጁ የ1902 የገና ዋዜማ። አምስት ወር ሳይሞላ፣ በግንቦት 1903፣ ኮኒ አይላንድ ላይ «ሉና ፓርክ» ተከፈተ።

ፍሬደሪክ ቶምፕሰንና ኤልመር ዳንዲ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ናቸው የከፈቱት። ሩብ ሚሊዮን የኤሌክትሪክ አምፖል አበሩ። በዚያ ዘመን ብዙው የኒውዮርክ ሠራተኛ እቤቱ የሚያበራው ጋዝ ወይም ኩራዝ ነበር። ሌሊቱን እንደ ቀን ያየው ሰው መደንገጡን አስቡት። በ1904 «ድሪምላንድ» ደግሞ እሱን ለመብለጥ ነጭ ማማውን አቁሞ፣ ሚሊዮን አምፖል አለኝ ብሎ ተነሳ። ሦስቱ መናፈሻዎች ጎን ለጎን ሲሠሩ የሰፈሩ ወርቃማ ዘመን ሆነ ይላሉ ታሪክ ጸሐፊዎቹ።

ወርቁ ግን ዝገት ነበረው፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ዲስኩሬ ውሸት ይሆናል። ሉና ፓርክ ገና ሳይከፈት፣ በጥር 1903፣ ቶፕሲ የምትባል የሰርከስ ዝሆን በዚያው ግቢ፣ ተጋብዞ በመጣ ሰው ፊት፣ በኤሌክትሪክ ተገደለች። ፊልምም ተነሳ። በ1905 ከፊሊፒንስ ተራሮች የመጡ የቦንቶክ ሰዎች ሉና ፓርክ ውስጥ ጎጆ ተሠርቶላቸው፣ በልማዳቸው አልፎ አልፎ ለሥርዓት የሚያርዱትን ውሻ ለተመልካች ሲባል በየጊዜው እንዲበሉ ተደረገ። ያመጣቸው ትሩማን ሃንት የሚባል ሰው ደመወዛቸውን ወስዶባቸው በኋላ ተከሰሰ። ጥቁር ሰው ጭንቅላቱን በሸራ ቀዳዳ አውጥቶ ነጩ ኳስ የሚወረውርበት ጨዋታም ነበር፤ በብዙ የአሜሪካ መናፈሻ የተለመደ፣ ኮኒ አይላንድም ላይ ያለ።

እኛስ አልተነካንም? ተነክተናል። በ1904 እንግሊዝ አገር ብራድፎርድ ከተማ ትልቅ ኤግዚቢሽን ነበር። እዚያ ካሉት መዝናኛዎች አንዱ «የሶማሌ መንደር» ነው። ከዚሁ ከቀንዱ ምድር፣ እንግሊዝ ይገዛው ከነበረው ዳርቻ፣ ወንዱም ሴቱም ሕፃናቱም በመርከብ ተጭነው ተወሰዱ። በአጥር ውስጥ ጎጆ ቀልሰው፣ እያበሰሉ፣ ጦር እየወረወሩ፣ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ለከፈለው ሰው ሁሉ ታዩ። ስለዚህ ፈረንጅ በባቡር ተቀምጦ በሽንሌ በኩል ወደ ድሬ እየመጣ የእኛን ሰው በመስኮት በሚያይበት ጊዜ፣ ዘመዶቻችን ደግሞ እዚያ ሄደው በቲኬት ይታዩ ነበር። መዝናኛ ሲባል ሁልጊዜ «የሚዝናናው ማን ነው? መጫወቻ የሚሆነውስ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል የምለው ለዚህ ነው።

ኮኒ አይላንድ ላይ ግን ሕይወት ያተረፈ ሰውም ነበር፤ የሰፈሩን ታሪክ ሳነብ ከሁሉ የገረመኝ እሱ ነው። ማርቲን ኩኒ ይባላል። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን በመስታወት ማሞቂያ ሳጥን ውስጥ እያስተኛ፣ በነርሶች እያስጠበቀ፣ ለተመልካች ያሳይ ነበር። መግቢያው ሃያ አምስት ሳንቲም ነው። የሕፃናቱ ወላጆች አንድም ሳንቲም አይከፍሉም፤ ሁሉም ወጪ የሚሸፈነው ከበሩ ገቢ ነው። በዚያ ዘመን አብዛኛው ሆስፒታል ማሞቂያ ሳጥን አልነበረውም፤ ያለ ጊዜው የተወለደውን ልጅ ይሞታል ብሎ ይተወው ነበር። ኩኒ ከ1903 እስከ 1943 ኮኒ አይላንድ ላይ ሠራ፤ ከስምንት ሺህ ሕፃናት ስድስት ሺህ አምስት መቶውን አተረፍሁ ይል ነበር። የሕክምና ትምህርቱን በትክክል ስለመጨረሱ ዛሬም የሚጠራጠሩ አሉ። ያዳናቸው ልጆች ግን አድገው፣ ሸምግለው፣ ምስክርነታቸውን ሰጥተዋል። አጠገባቸው አንበሳ ያገሳል፣ ከበሮ ይመታል፣ የቲኬት ቆራጩ ይጮኻል፤ እነሱ ሳጥናቸው ውስጥ ኪሎ ይጨምራሉ።

በግንቦት 1911 ሌሊት፣ ድሪምላንድ ለዓመቱ ሊከፈት ሰዓታት ሲቀሩት፣ «የሲኦል በር» የሚባል መጫወቻ ሲጠገን አምፖሎች ፈነዱ፤ በጨለማው አንዱ ሠራተኛ የጋለ ቅጥራን የያዘ ባልዲ ገለበጠ። ከእንጨት እንዲሁም ከጄሶና ከቃጫ ድብልቅ የተሠራው መናፈሻ በሰዓታት ውስጥ ነደደ። ጎፈሩ የተያያዘ አንበሳ መንገድ ላይ ሮጦ በጥይት ወደቀ። እዚያ የነበሩት የኩኒ ሕፃናት በሙሉ ተረፉ። ድሪምላንድ ዳግመኛ አልተሠራም። ስቲፕልቼዝም ከአራት ዓመት በፊት፣ በ1907፣ ነዶ ነበር፤ ባለቤቱ ቲልዩ ግን በማግስቱ ፍርስራሹን ማየት አሥር ሳንቲም ነው የሚል ማስታወቂያ ሰቀለ። ንግድ ይሉታል እንግዲህ! የድሬ ነጋዴ ይህን ሲሰማ ኮፍያውን ያነሳለታል።

እስካሁን ያልኳችሁ ሁሉ ግን ኮኒ አይላንድን የከተማው ሕዝብ ንብረት አላደረገውም። ያደረገው አንድ የሂሳብ ለውጥ ነው። ከብሩክሊን ወይም ከማንሃታን በባቡር ወደዚያ ለመሄድ ለረጅም ጊዜ አሥር ሳንቲም ይከፈል ነበር፤ ለሁለት መስመር ሁለት ጊዜ። ሰው በዚህ ነገር ከኩባንያው ጋር ተጣልቷል፣ ከባቡር አልወርድም ብሎ ተደባድቧል። በ1920 ግን የከተማው የምድር ውስጥ ባቡር ቀጥታ እስከ ባሕሩ ደረሰ፣ ዋጋውም እንደማንኛውም የከተማ ጉዞ አምስት ሳንቲም ሆነ። አምስት ልጅ ያላት የልብስ ሰፊ እናት ሰኔ ላይ ቤተሰቧን ይዛ ከሙቀቱ ማምለጥ ቻለች። ጣሊያኑ፣ አይሁዱ፣ አይሪሹ፣ ከፖላንድ ትናንት የመጣው ሁሉ በአንድ አሸዋ ላይ ተጋፋ። በበጋ እሑድ ሚሊዮን ሰው ይገኝ ነበር። ጥቁሩ ሰው በእርግጥ መጣ፤ በስቲፕልቼዝ መዋኛ ግን አይገባም ነበር። አምስቱ ሳንቲም ያልከፈተው በርም ነበረ ማለት ነው።

ሰፈሩም ራሱን ከዚያች ሳንቲም ጋር አስማማ። ናታን ሃንድወርከር የሚባል ከፖላንድ የተሰደደ ሰው ቀደም ሲል ፌልትማን ምግብ ቤት ዳቦ ቆራጭ ነበር፤ እዚያ ሆትዶግ አሥር ሳንቲም ነበር። በ1916 የራሱን ከፈተና በአምስት ሳንቲም ሸጠ። ፌልትማን ዛሬ የለም፤ የናታን ሱቅ ዛሬም እዚያው ጥግ ላይ አለ። በ1920 «ወንደር ዊል» የሚባለው አርባ ስድስት ሜትር የሚቆም መንኮራኩር ተተከለ። በ1923 ከተማው በባሕሩ ዳር ረጅም የእንጨት መሄጃ ዘረጋ፤ ከዚያ በፊት ዳርቻው በየመዋኛ ቤቱ አጥር የተከፋፈለ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ማንም በነጻ የሚረግጠው ሆነ። በ1927 «ሳይክሎን» የሚባለው የእንጨት ሮለር ኮስተር ተሠራ። ሦስቱም ዛሬ አሉ፤ ከተማው በቅርስነት መዝግቧቸዋል። እኔ የሚገርመኝ የተረፉት እነማን እንደሆኑ ነው። ሚሊዮን አምፖሉ ነደደ፣ የሀብታሞቹ ሆቴሎች ፈረሱ፤ የቀረው በርካሽ የሚደረስበትና በነጻ የሚኬድበት ነገር ነው።

ውድቀቱን አላስረዝምም። ሉና ፓርክ በ1944 ነደደ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሰው መኪና ገዛ፣ ቴሌቪዥን ገዛ፤ ሮበርት ሞዝስ የተባለው የከተማው ኃያል ባለሥልጣን የጫጫታ መጫወቻ አይወድም ነበር፤ በአካባቢው ረጃጅም የመኖሪያ ፎቆች ተሠሩ። ስቲፕልቼዝ በ1964 ተዘጋ። ቦታውን የገዛው ፍሬድ ትራምፕ፣ የአሁኑ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት አባት ነው። በ1966 ሕንፃው በቅርስነት ተመዝግቦ እንዳይፈርስ ስለፈራ እንግዶች ጠርቶ፣ ግብዣ አድርጎ፣ የመስታወት ፊቱን በጡብ አስሰበረው። ሊሠራው ያሰበው የቅንጦት አፓርትመንት ግን ፈቃድ አላገኘም። ዛሬ ቦታው ላይ የቤዝቦል ስታዲየም አለ። በ2010 ሉና ፓርክ የሚለውን ስም የያዘ አዲስ መናፈሻ ተከፈተ፤ በ2012 ሳንዲ የተባለው አውሎ ነፋስ ሰፈሩን በባሕር ውሃ አጥለቀለቀው፤ እንደገና ተነሳ። በመስከረም 2025 ደግሞ እዚያ ካዚኖ እንክፈት ያሉ ባለሀብቶች ያቀረቡት ሐሳብ በአካባቢው ኮሚቴ ድምፅ ውድቅ ሆነ። ነዋሪው ቁማሩን ከማኬን ዘመን ያውቀዋል።

አሁን ወደ ቤታችን።

ድሬዳዋን የወለዳት ሐዲድ እንደሆነ ለእናንተ አልናገርም። አፄ ምኒልክ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃዱን የሰጡት በ1894 በፈረንጁ ነው። ባቡሩ የታሰበው ሐረር እንዲገባ ነበር፤ ተራራው እምቢ አለ፣ ከታች ሜዳው ላይ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። ኩባንያው ከስሮ ሐዲዱ ድሬ ላይ ለዓመታት ቆመ፤ ሌላ ኩባንያ ተተክቶ ወደ ምዕራብ ሲቀጥል ነው ሁርሶ ፉጨት የሰማችው፣ ኤረርና አፍደም የሰሙት። አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ባቡሩ መጀመሪያ በሌሊት ስለማይሄድ መንገደኛ ድሬ ላይ ማደር ነበረበት። ማደር ካለ ሆቴል አለ፤ ሆቴል ካለ ሙዚቃ፣ ቢራ፣ ሻይ፣ ወሬ አለ። የድሬ ጨዋታ ከዚህ ነው የመነጨው። አዋሽ ላይም ያው ቡፌው፣ አዲስ አበባ ለገሃር ላይ ቡፌ ደ ላ ጋር። በየጣቢያው በመስኮት ሳምቡሳ፣ ፍራፍሬ፣ ቀዝቃዛ ውሃ የሚያቀብሉት እናቶችና ልጆች ደግሞ የመስመሩ ሁሉ ገበያ ነበሩ።

ከተማዋ ግን በሁለት ተከፍላ ተወለደች። የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ በአንድ በኩል ከዚራ፤ መንገዱ በመሥመር የተለካ፣ ዛፉ የተተከለ፣ ለኩባንያው ሰዎችና ለፈረንጆቹ። በሌላው በኩል መጋላ፤ ገበያው፣ ጠባብ መተላለፊያው፣ ፈጢራው፣ ሙሸበኩ፣ ሕዝቡ። ባቡሩም አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ማዕረግ ነበረው። ይህ የማንሃታን ቢች አጥር በሌላ አገር ነው። በጊዜ ሂደት ግን የከዚራ ጥላ የሁሉም ሆነ። ማታ ፀሐይ ስትበርድ ከገንደ ቆሬም ከሳቢያንም ከለገሃሬም ሰው ወጥቶ በዛፎቹ ሥር ይንሸራሸራል፣ አይጠየቅም፣ አይከፍልም። ሙዚቃውም እንዲሁ፤ በ1960ዎቹ በፈረንጁ መጀመሪያ የተነሳው አፍራን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ከድሬ የወጣ ነው፤ አሊ ቢራ ገና በልጅነቱ የተቀላቀለው እሱን ነው። በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ፣ በሐረሪ፣ በአማርኛ የሚዘፈንባት፣ አንቱታ የማይበዛባት ከተማ እንዲህ ተሠራች። ያጣፈጣት ነገር ሰው በርካሽ መድረስ መቻሉ ነው እላለሁ።

የደቻቱንም አልዘልም። አሸዋው አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ስለሚሆን ሰው ሜዳ ይመስለዋል፤ ይነግድበታል፣ ኳስ ይጫወትበታል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ወሰደ። በወንዝ ዳር መዝናኛ ይሠራ የሚል ሰው ሲነሳ መጀመሪያ ያንን ሌሊት ያስብ።

የድሮው ባቡር በድሬና በአዲስ አበባ መካከል መሄዱን ያቆመው በ2000 ዓ.ም. ገደማ ነው። በመስከረም 2009 ዓ.ም. አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ፣ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ ጀመረ። ጥሩ ባቡር ነው፣ አገር የሚመግብ ነው፣ አላማውም። ግን ጣቢያው ከከተማው ወጥቷል፤ ዋና ሥራውም ዕቃ ነው። በየመንደሩ እየቆመ እናቶች በመስኮት የሚሸጡበት ባቡር አይደለም። ከአዲሱ ባቡር የሁርሶ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ድምፁን ነው።

ስለዚህ ሐሳቤ ይኸው ነው፦ በዓርብ ከሰዓትና በእሑድ፣ ከድሬ አሮጌው ጣቢያ ተነስቶ ሁርሶ ቆሞ፣ ኤረር ፍል ውሃ ደርሶ ማታ የሚመለስ የመዝናኛ ባቡር። አንዲት ሊቶሪና፣ ማለትም ባለ ሞተር የሰው ፉርጎ፣ ከኋላዋ ሁለት ፉርጎ። ባሕር የለንም፣ ፍል ውሃ አለን። የኤረር ውሃ ለበሽተኛ ብቻ ሳይሆን ለጤነኛም ይሆናል። ማውክ ቸንክ ከሰል ያጣውን ሐዲድ ስልሳ ዓመት የሠራችበት በዚህ መንገድ ነው።

«ይህ ቅዠት ነው» የሚል ይኖራል። ጎረቤታችን ኤርትራን ተመልከቱ። በጦርነት የተነቀለውን ከምጽዋ አስመራ የሚወጣውን ሐዲድ፣ ብረቱ ለምሽግ ከዋለበት ሳይቀር እየለቀሙ፣ ከ1994 ጀምሮ የቀጠሉት በአብዛኛው በጡረታ ላይ የነበሩ የድሮ የባቡር ሠራተኞች ናቸው። አዛውንቶቹ መዶሻቸውን አንስተው ሙያቸውን ለወጣት እያሳዩ መስመሩን እስከ አስመራ አደረሱት። ጉድለቱንም ልናገር፦ ባቡሩ የተንቀሳቀሰው በአብዛኛው ቱሪስት ሲከራየው ነው። የእኛ እንዲህ ከሆነ እኔ ሐሳቤን ከአሁኑ አንስቻለሁ። ለጀርመን ቱሪስት ፎቶ ማንሻ የሚሆን ሎኮሞቲቭ ድሬ የጥገና ወርክሾፑ ውስጥ ቆሞም ይበቃል።

ሌላው የሚነሳው ጥያቄ ገንዘብ ነው። በአገራችን በቅርብ ዓመታት መናፈሻ ተሠርቷል፤ አዲስ አበባ አንድነት ፓርክ፣ ወዳጅነት፣ እንጦጦ፤ ወደ ክፍለ አገርም ጎርጎራ፣ ወንጪ፣ ሀላላ ኬላ። ውበታቸው አያነጋግርም። እኔ የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ የቀን ሠራተኛ ከነልጆቹ ስንት ጊዜ ገብቷል? ሪዞርት ሀብታም ያዝናናል፣ ዶላር ያመጣል፣ ይሠራ። ከተማ ግን የሚሠራው በትራንስፖርት ዋጋ ነው። ኒውዮርክ የአምስት ሳንቲሙን ዋጋ እስከ 1948 ድረስ አላነሳም፤ ባቡሩ እየከሰረም ቢሆን ከተማው ተሸከመው። የኤረር ቲኬት ከአንድ ስኒ ቡና ዋጋ አይብለጥ። የሚጎድለውን ኤረር ላይ በሚከፈት ሱቅ፣ በጣቢያው ኪራይ፣ በማስታወቂያ ይሙሉት፤ ሁሉም ግን በአንድ ማዕረግ ይሳፈር፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ የሚባል አይኑር። እንዲሁም የእኛ ሰው በፎቶ ጌጥነት አይቀርብ። ጎጆ አስቀልሶ ጦር አስወርውሮ ማሳየት የብራድፎርድ ሥራ ነው፤ የኢሳና የጉርጉራ ጎሳ ሽማግሌ ሊያስጎበኝ ከፈለገ በራሱ ቤት፣ በራሱ ዋጋ፣ በራሱ ቃል ያስጎብኝ።

ሁርሶ ሲባል ብዙ ኢትዮጵያዊ ትዝ የሚለው የወታደር ማሠልጠኛው ነው። ልጁን ወደዚህ ልኮ የናፈቀ እናትና አባት ስንት ነው! እነሱም በዚህ ባቡር ሊመጡ ይችሉ ነበር።

የምለምነው ሦስት አካል ነው። የባቡሩን ንብረት የያዘው አካል ከድሬ እስከ ኤረር ያለውን ሐዲድ በእግሩ ሄዶ ይፈትሽ፤ ምን ያህል ሐዲድ፣ ምን ያህል ድልድይ እንደቀረ በጽሑፍ ያሳውቀን። የድሬዳዋ አስተዳደር አሮጌውን ጣቢያ ለሰርግ ፎቶ ብቻ ከመተው መንገደኛ ይግባበት። ሦስተኛውና ዋናው እናንተ ናችሁ፤ ሼሚንደፈር፣ በድሮው ባቡር፣ የሠራችሁ አባቶች፣ መካኒክ የነበራችሁ፣ ሐዲድ የጠበቃችሁ፣ ምልክት የሰጣችሁ። እጃችሁ ያለውን ሙያ ማንም መጽሐፍ ላይ አላሰፈረውም። ዛሬ ስትወጡ በሩ ላይ መዝገብ አለ፤ ስማችሁን፣ የሠራችሁበትን ክፍልና የምታውቁትን ሥራ አስመዝግቡ፣ ማየት ለሚያስቸግራችሁ ልጆቹ ይጽፉላችኋል።